«መቼ መጣህ?»፦ የስዊድን የጥገኝነት ሕግ ባለፉት 10 ዓመታት

ይህ ጽሑፍ በፈረንጆቹ 2025፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ስቶክሆልም ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ የስብሰባ አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል እንደተነገረ ላስቀረው ሞክሬያለሁ። መንዛዛቱን ብቻ ቀንሼዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቡናው እየተቆላ ነው፤ ይሸተኛል። እንዳላስረዝም እሱ ይጠብቀኛል።

አዘጋጆቹ «ዘንድሮ በስደተኛ ሕግ ላይ የተለወጠውን ንገረን» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ስጽፈው አልሆነልኝም። የዘንድሮው ከአምናው፣ የአምናው ከካቻምናው እየተመዘዘ ወደ ኋላ ወሰደኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ማክሰኞ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ኖቬምበር 24 ቀን 2015፣ በእኛ ኅዳር 14 ቀን 2008። ይህ አገር ስደተኛን «ለምን መጣህ?» ከማለቱ በፊት «መቼ መጣህ?» ማለት የጀመረው ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ ላይ የሰማሁትን እንዳላወራ ሕግ ያስረኛል። ስለዚህ የማንንም ኬዝ አልነግራችሁም። የራሴን ግን ማንም አይከለክለኝም።

እኔም ጥገኝነት ጠይቄ ነው የገባሁት። ኢንተርቪው ላይ «መቼ ታሰርክ?» ተባልኩ። «ጥቅምት 2005፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ» አልኩ። የተመደበልኝ አስተርጓሚ እንደወረደ አስተላለፈው፦ ኦክቶበር 2005፣ 8 ሰዓት። በኋላ ቃሌ ተመልሶ ሲነበብልኝ 7 ዓመት ቀደም ብዬ፣ ያውም በቁርስ ሰዓት ታስሬ አገኘሁት። በፈረንጆቹ 2005 እኮ እኔ ገና 9ኛ ክፍል ነበርኩ! ጥፋቱ የእኔም ነው፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልተናገርኩም። ተስተካከለልኝ። ግን ሳይነበብልኝ ቢቀር ኖሮ፣ ሌላ ወረቀት ላይ 2012 የሚል ቀን ሲገኝ «ይሄ ሰው ይዋሻል» መባሌ አይቀርም ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚህ የተነካ ሌላ ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። አያችሁ፣ እጅ እየወጣ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምጠራው ቀን ሁሉ የፈረንጅ ነው። እንዳንጣላ።

እኔ የመጣሁት ደህና ዘመን ላይ ነው። ያኔ የጥገኝነት ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ ሰው በአብዛኛው በቀጥታ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ይሰጠው ነበር። ስዊድኖች በአጭሩ «ፑት» የሚሉትን። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ሴፕቴምበር 2013 ላይ ደግሞ ሚግራሹን፣ ማለትም የፍልሰት መሥሪያ ቤቱ፣ እዚህ ያሉ የሶርያ ጥገኝነት ጠያቂዎች ሁሉ ቋሚ ፈቃድ ይሰጣቸው አለ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍሬድሪክ ራይንፌልት አደባባይ ወጥተው ሕዝቡን «ልባችሁን ክፈቱ» አሉት። ወጪው ብዙ እንደሚሆንም አልደበቁም። በ2014 ብቻ 81,000 ገደማ ሰው ጥገኝነት ጠየቀ።

ከዚያ 2015 መጣ። 162,877 ጠያቂ። ከነዚህ ውስጥ 35,369ኙ ያለ ወላጅ የመጡ ልጆች ናቸው። አገሩ ያኔ 10 ሚሊዮን ሰው አልሞላም። ለ60 ነዋሪ አንድ አዲስ ጠያቂ እንደማለት ነው። አንዳንዶቻችን «ስዊድን ሀብታም አገር ናት፣ ምን ችግር አለባት» እንላለን። ጫናው ግን የውሸት አልነበረም። በዚያ መኸር በሳምንት እስከ 10,000 ሰው ይገባ ነበር። ከኮፐንሃገን ባቡር ተሳፍሮ፣ የኦሬሱንድን ድልድይ ተሻግሮ፣ ማልሞ ጫፍ ላይ ሂሊየ ጣቢያ ይወርዳል። እዚያው አጠገብ ያለው የኤግዚቢሽን አዳራሽ መቀበያ ሆኖ ነበር። ሌላ ጊዜ መኪናና የቤት ዕቃ የሚታይበት ቦታ ነው። እኔ ሳየው ሰው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ጫማ በመስመር ተደርድሯል፤ አብዛኛው የበጋ ጫማ ነው። የአንድ ልጅ እግር ላይ የባንክ ካርድ የሚያህል ወረቀት በሻሽ ታስሮ አየሁ። ወረቀቱ እንዳይጠፋበት ነው። ምን እንደተጻፈበት አልጠየቅኩም።

ሴፕቴምበር 6 ላይ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፋን ሎቬን እዚሁ ከተማ፣ ሜድቦርያርፕላትሰን አደባባይ ቆመው «የኔ አውሮፓ ግንብ አይገነባም» ብለው ነበር። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ 80 ቀን ሳይሞላ ያቺ ማክሰኞ መጣች።

ቪዲዮው ዛሬም አለ፤ እዩት። ሎቬን ከምክትላቸው ከኦሳ ሮምሶን ጋር መግለጫ ይሰጣሉ። ሮምሶን የአረንጓዴው ፓርቲ መሪ ናቸው። ፓርቲያቸው ለስደተኛ ሲሟገት የኖረ ነው። መናገር ሲጀምሩ ድምፃቸው ተሰበረ፤ አለቀሱ። የተናገሩት ግን ለቅሶ አልነበረም። ስዊድን ሕጓን የአውሮፓ ኅብረት እስከሚፈቅደው ዝቅተኛ ወለል ድረስ ታወርዳለች። ቋሚው ፈቃድ ጊዜያዊ ይሆናል። ቤተሰብ ማምጣት ይጠብቃል። በባቡር፣ በአውቶቡስና በጀልባ ለሚመጣ ሰው መታወቂያ ይጠየቃል።

የመታወቂያው ነገር ጃንዋሪ 4 ቀን 2016 ጀመረ። የእኛ ገና ሊገባ 3 ቀን ሲቀረው። ካስትሩፕ፣ የኮፐንሃገን አውሮፕላን ማረፊያ ጣቢያ ላይ፣ ባቡር ከመሳፈርህ በፊት መታወቂያህን ታሳይ ነበር። መታወቂያ ያላየ የትራንስፖርት ድርጅት 50,000 ክሮነር ይቀጣ ነበር። ኮፐንሃገን ሥራ የሚውል የማልሞ ሰው በየቀኑ ተሰልፎ ሲነጫነጭ ከረመ። ጥገኝነት ፈላጊው ግን አልተነጫነጨም። ጭራሽ አልደረሰም። ሶርያ ውስጥ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ከየት አምጥቶ ነው መታወቂያ የሚያሳየው? የጠያቂው ቁጥር በ2016 ወደ 29,000 ወረደ።

አሁን ዋናው ሕግ ላይ ልምጣ። ጁላይ 20 ቀን 2016 ሥራ ላይ ዋለ። ስሙ «ጊዜያዊ ሕግ» ነው። ሙሉ ስደተኛ ተብሎ የታወቀ ሰው የ3 ዓመት ፈቃድ ይሰጠዋል። ስደተኛ ባይባልም ቢመለስ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ሰው 13 ወር ያገኛል። 13 ወር! የቋንቋ ትምህርት ቤት ተመዝግበህ፣ ወረፋ ጠብቀህ፣ «ስሜ ይህ ነው» ማለት ስትለምድ ፈቃድህ ያልቃል። አሠሪም ቢሆን ከመቅጠሩ በፊት ካርድህ ላይ የሚያልቅበትን ቀን ያያል።

ሕጉ ውስጥ ደግሞ አንድ ልዩ አንቀጽ ነበረ። ልጅ፣ ወይም ልጅ ያለው ቤተሰብ፣ ማመልከቻው እስከ ኖቬምበር 24 ቀን 2015 ከተመዘገበ በድሮው ሕግ ይታይለታል። ለደግነት የገባ አንቀጽ ነው፤ ክፉ አልልም። ግን ሁለት እናቶችን አስቡ። ከአንድ መንደር የወጡ፣ በአንድ ጀልባ የተሻገሩ። አንዷ ማክሰኞ ማታ ተመዘገበች። ሌላዋ ልጇ አሞባት ረቡዕ ጠዋት ደረሰች። ታሪካቸው አንድ ነው፣ ሰነዳቸውም አንድ ነው። አንዷ ቋሚ ወረቀት የማግኘት ዕድል አላት፤ ሌላዋ በየጊዜው እያሳደሰች ትኖራለች።

ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። ውሳኔው በሚሰጥበት ቀን ልጁ ገና ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ወረፋው ያኔ ዓመትም ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር። በ16 ዓመቱ ገብቶ፣ እየጠበቀ 18 ሞላው፤ የድሮው ሕግ አመለጠው። ልጁ ምን አጠፋ? ወረፋ ላይ ነው ያደገው። በዚህ ጉዳይ የተናደዱ ስዊድናውያን መምህራንና አሳዳጊዎች ብዙ ናቸው። በ2018 ፓርላማው በእነሱም ጩኸት አንድ ሕግ አወጣ፤ ለረጅም ጊዜ ውሳኔ ሲጠብቁ የቆዩ ወጣቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ ፈቃድ የሚሰጥ። አብዛኞቹ አፍጋኖች ነበሩ። እዚያ ውስጥም ቀን አለ፦ ማመልከቻው እስከ ኖቬምበር 24 ቀን 2015 የተመዘገበ። ያቺው ማክሰኞ። ትምህርቱን ሲጨርስ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ቋሚ፣ ወይም ቢያንስ የ2 ዓመት ሥራ እንዲያገኝ ይጠበቅበት ነበር። በ19 እና በ20 ዓመት ዕድሜ ቋሚ ሥራ! የስዊድን ልጅ ራሱ አያገኝም።

አሁን እዚህ ያለነውን በጣም ስለሚነካው ነገር ልናገር። 3 ወር።

ስደተኛ ተብለህ ፈቃድ አገኘህ እንበል። ሚስትህና ልጆችህ አዲስ አበባ ናቸው። ፈቃድህ ከተሰጠ በ3 ወር ውስጥ ካመለከቱ፣ ደመወዝና ቤት አትጠየቅም። 3 ወሩ ካለፈ ግን ትጠየቃለህ። ከቤት ኪራይና ከግብር በኋላ ለመላው ቤተሰብ የሚበቃ ገቢ፣ ለሁሉም የሚበቃ ክፍል ያለው ቤት። ስቶክሆልም ውስጥ! እዚህ የተቀመጣችሁት በስንተኛ እጅ ኪራይ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ከ2016 በፊት ስደተኛ ለሆነ ሰው ይህ ጥያቄ አልነበረም።

ሰው ወረቀት ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ይደሰታል። ለእናቱ ይደውላል፤ እልል ይባላል። ዘመድ ይጠራል፣ ዶሮ ይሠራል። አንድ ሳምንት እንዲህ ይሄዳል። ከዚያ ከካምፕ መውጣት አለ፣ መዘጋጃ ቤት አለ፣ ባንክ አለ፣ ስዊድንኛ አለ። «ትንሽ ልቋቋምና አመጣቸዋለሁ» ይላል። እንደ ጨዋ ሰው ነው ያሰበው። መጀመሪያ ቤቱን አሰናድቶ ቤተሰቡን መጥራት። ባህላችን እኮ ይህንን ነው የሚያስተምረን። ሕጉ ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፦ ባዶ እጅህን ሆነህ ወዲያው ጥራቸው፤ ከቆየህ ይከብድሃል። የልጅ ፓስፖርት እስኪወጣ ራሱ ስንት ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ወረቀት ያገኘ ወዳጅ ሲደውልልኝ «እንኳን ደስ ያለህ» ካልኩ በኋላ ሁለተኛው ቃሌ «ዛሬ ስንተኛ ቀንህ ነው?» ነው። የሚቀየመኝ አለ። ይቀየመኝ።

ስለ አበሉ በአጭሩ። የጥገኝነት ጠያቂ የቀን አበል ራሱን ችሎ ምግብ ለሚሠራ አዋቂ 71 ክሮነር ነው። ምግብ በሚቀርብበት ቦታ ደግሞ 24። ይህ ቁጥር ከ1994 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ የልጅ አባት ነው። ሁሉም ሕግ በየዓመቱ ሲለወጥ እሱ ብቻ ጸንቶ ቆሟል። ከጁን 2016 ወዲህ ደግሞ ልጅ የሌለው አዋቂ ኔጋቲቭ፣ ማለትም የእምቢታ ውሳኔ፣ ከወጣበትና የመውጫ ቀኑ ካለፈ፣ አበሉንም ቤቱንም ያጣል።

«ጊዜያዊ» የተባለው ሕግ ለ3 ዓመት ነበር የታሰበው። በ2019 ለ2 ዓመት ተራዘመ። በጁላይ 20 ቀን 2021 ዋናው ሐሳብ ቋሚ ሕግ ውስጥ ገባ። ጊዜያዊ ፈቃድ በቋሚነት ጸደቀ ብላችሁ ያዙት። ቋሚ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል፤ ራሱን በገቢ መቻሉንና ጨዋ ኑሮ መኖሩን ያሳያል።

በ2022 ምርጫ መጣ። ኦክቶበር ላይ አራት ፓርቲዎች ቬስቴሮስ አካባቢ ቲዶ በሚባል ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ተስማሙ። ስምምነቱም «ቲዶ» ተባለ። ከተባበሩት መንግሥታት ጋር በኮታ የሚመጣው ስደተኛ በዓመት ከ5,000 ገደማ ወደ 900 ወረደ። በ2023 ኖቬምበር 1 ደግሞ ለሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከ13,000 ወደ 27,360 ክሮነር ዘለለ። በ2024 ጥገኝነት የጠየቀው ሰው ከ10,000 በታች ነው። ልብ በሉ፣ በ2015 መኸር ይህን ያህል ሰው በአንድ ሳምንት ይገባ ነበር። ማጥበቁ ግን አልቆመም። ቁጥሩ ከወረደ ስንት ዓመቱ ነው! ምክንያቱ ሰው መብዛቱ ነበር ተብለን ነበር፤ ሰው ሲያንስም ቀጥሏል። እዚህ ላይ ነው መንግሥቱን ማመን ያቃተኝ።

በ2024 ኤፕሪል ላይ ለአገራችን ሰው ሌላም መጣ። የአውሮፓ ኅብረት ኢትዮጵያ ተመላሽ ዜጎቿን ለመቀበል በበቂ አልተባበረችም ብሎ ቪዛ አጠበቀ። 15 ቀን ይፈጅ የነበረው 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። የልጅ ሠርግ ለማየት የምትመጣ እናት ከዚህ ጋር ምን አገናኛት? ብቻ ወረቀቷ ላይ ኢትዮጵያ ይላል።

ወደ ዘንድሮ ደረስኩ። 2025።

ከማርች ጀምሮ አዲስ ጠያቂ አበል የሚያገኘው መሥሪያ ቤቱ በመደበለት ቦታ ሲኖር ነው። ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ መተኛት ክልክል ባይሆንም አበሉን ያስቀራል። ትልቁ ግን ኤፕሪል 1 ነው። የቀልድ ቀን ነው፤ ይሄ ግን ቀልድ አልነበረም። በዚያች ቀን ሁለት በሮች ተዘጉ።

አንደኛው «ስፖርቢተ» ነው። ባቡር ሀዲድ ሲቀይር እንደማለት። ስፖርት ቤት የመሰላቸው ነበሩ፤ አትሳቁ። ጥገኝነት ተከልክሎ ግን ቢያንስ 4 ወር ለአንድ አሠሪ የሠራ ሰው፣ ከአገር ሳይወጣ ወደ ሥራ ፈቃድ ይሻገርበት የነበረ መንገድ ነው። ውሳኔው በጸና በ2 ሳምንት ውስጥ ካመለከተ። አረጋውያን የሚንከባከቡ፣ ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ አውቶቡስ የሚያጥቡ ወገኖቻችን በዚህ ተሻግረዋል። ያ ቀረ። ቀድሞ በዚህ መንገድ ፈቃድ ያገኘውም ሲያድስ በሩ ዝግ ሆኖ ይጠብቀዋል። ግብሩን ሲከፍል የኖረ ሰው! ሕግ ማጥበቅ የመንግሥት መብት ነው። ሰው በአንተው ሕግ ተማምኖ ቤት ከተከራየ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ካስገባ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማጥበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው 4 ዓመቱ ነው። አንድ ሰው ኔጋቲቭ ከወጣበት፣ የመባረር ውሳኔው ከ4 ዓመት በኋላ ይሞት ነበር። ከዚያ እንደ አዲስ ማመልከት ይችላል። ስንቱ ሰው ያንን 4 ዓመት በየሰው ቤት እየተደበቀ ቆጠረው። አሁን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚሰጥ ውሳኔ ዕድሜው 5 ዓመት ነው፤ መቆጠር የሚጀምረውም ሰውየው ከአገር ሲወጣ ነው። እዚህ ተደብቆ የሚኖር ሰው ሰዓቱ ቆሟል። 10 ዓመት ቢቀመጥም ዜሮ ላይ ነው። «ግድ የለም፣ 4 ዓመት ታገስ» የሚል ምክር ዛሬም እሰማለሁ። እባካችሁ ተዉት። ያረጀ ምክር ሰው ይገድላል።

እስኪ ጥያቄ።

(አንዲት እናት ከኋላ፦ «ልጄ፣ ወደ አገር ለሚመለስ 350 ሺህ ይሰጣል የሚሉት እውነት ነው? ብር ነው ክሮነር?» አዳራሹ ሳቀ።)

እትዬ፣ ክሮነር ነው። እውነትም ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ነው። ቀድሞ ለአንድ አዋቂ 10,000 ነበር። ጥበቃ አግኝቶ ፈቃዱን መልሶ በፈቃዱ ለሚሄድ ሰው ነው። የስዊድን ፓስፖርት ላለው አይሰጥም። እርስዎ ፓስፖርት አለዎት? («አለኝ» አሉ።) እንግዲያው ቀርቶብዎታል። («ይቅርብኝ፣ የልጅ ልጆቼ እዚህ ናቸው» አሉ።)

(አንድ ወጣት፦ «ቀጥሎ የሚመጣውስ?»)

ጁን 12 ቀን 2026ን ያዝ። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የፍልሰትና የጥገኝነት ስምምነት ሥራ ላይ እንዲውል የተቀጠረበት ቀን ነው። ድንበር ላይ የሚደረገው ምርመራ፣ ጥያቄ በፍጥነት የሚታይበት አሠራር፣ የትኛው አገር ማንን ይቀበላል የሚለው፣ ሁሉም አዲስ ይሆናል። ማመልከቻህ ከዚያ በፊት ይሁን ከዚያ በኋላ ለውጥ ያመጣል። እንደገና ቀን።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ ኑ። ኔጋቲቭ ከሆነ ይግባኝ ለማለት ያላችሁ 3 ሳምንት ነው፤ የሚቆጠረውም ውሳኔው ከተነገራችሁ ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የተነገራችሁበትን ቀን ጥጉ ላይ ጻፉበት። በፈረንጅ።